በጅማ ዝናብ ረጅም ፀጉር ማሳደግ፦ ለሙዚቃ ልጆች የተጻፈ መመሪያ

ጅማ ዝናብ የማይርቃት ከተማ ናት። ብዙውን ጊዜ በመጋቢት የሚጀምረው ዝናብ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ የጠዋቱም ጉም ቶሎ አይገፈፍም። ለቡናው በረከት የሆነው ይህ እርጥበት ረጅም ፀጉር ለሚያሳድግ ሰው ትልቁ ፈተና ነው። በሞቃት አገር ነፋስና ፀሐይ በጥቂት ሰዓት የሚደርቅ ድሬድ እዚህ አዌቱ ወንዝ አጠገብ በሐምሌ ወር ሳይደርቅ ሊያድር ይችላል፤ እርጥብ ሆኖ ማደር የለመደ ድሬድ ደግሞ ሳምንታት ሳይቆይ መሽተት ይጀምራል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚህ ከተማ ለዓመታት ቤዝ ጊታር ስጫወት ድሬድ አሳድጌ፣ አበላሽቼ፣ እንደገናም አሳድጌ የተማርኩትን ለታናናሾቼ ለማካፈል ነው። ዛሬ ባንድ ያቋቋሙ፣ ራፕ የሚሠሩ፣ ክራር የሚመቱ ወጣቶች ቤቴ ድረስ እየመጡ «ጋሼ፣ ድሬድ ጀምርልኝ» ይሉኛል። ማበጠሪያውን ከማንሣቴ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቃቸው «ይህን ፀጉር ከአንተ በፊት እነማን እንዳሳደጉት ታውቃለህ?» ብዬ ነው። ሰዎች በዚህ ፀጉር ምክንያት ታስረዋል፣ በግድ ተላጭተዋል፣ ከሥራና ከትምህርት ተባረዋል። ስለዚህ በመድረክ ላይ ይዞት ለመቆም የሚፈልግ ሰው ታሪኩን የማወቅና በንጽሕና የመያዝ ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሣ ነው።

ከማሳደግ በፊት ማወቅ

የመጀመሪያው ሥራ ማበጠሪያም ቅባትም አይፈልግም። አንድ ወጣት ፀጉሩን ማስረዘም ሲጀምር «ይሄ የፈረንጅ አመጣሽ ነው» የሚል ድምፅ ወዲያው ይሰማል፤ ወጣቱም መልስ ስለሌለው ወይ ያፍራል ወይ ይቆጣል። መልሱ ግን በራሱ አገር ታሪክ ውስጥ ተቀምጦለታል። ጎፈሬ በአገራችን የጀግንነት ምልክት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ፀጉራቸውን ሹሩባ ይሠሩ ነበር። በገዳምና በየዱሩ የሚኖሩ ባሕታውያን ፀጉራቸው ተያይዞ እስኪረዝም ድረስ አይቆርጡትም። በቦረና የገዳ ሥርዓት ደግሞ ደባሌ በሚባለው የመጀመሪያው እርከን ላይ ያሉ ወንዶች ልጆች ፀጉራቸው ሳይቆረጥ እንዲያድግ ይደረጋል፣ በዚያ ፀጉራቸውም ይከበራሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በዱር የተዋጉ አርበኞች ጎፈሬያቸውን አሳድገው የተነሷቸውን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ረጅም የወንድ ፀጉር ከውጭ የመጣ ነው ብሎ ሊከራከር አይችልም።

ድሬድም ቢሆን ወደ ሙዚቃው ዓለም የገባው በእኛ ስም ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ በጃማይካ የሚኖሩ ድሆች ጥቁሮች ዜናውን የትንቢት ፍጻሜ አድርገው ተቀበሉት፤ ራስታ የተባሉበትን የእምነታቸውንም ስም ከንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞ ማዕረግና ስም ወሰዱ። ፀጉራቸውን ምላጭ እንዳይነካው ያደረጉት ደግሞ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ላይ ስለ ናዝራዊ ስእለት የተጻፈውን ይዘው ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኬንያ ጫካዎች የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ የተዋጉት የማው ማው ታጋዮችም ፀጉራቸው ተጠቅልሎ የረዘመ ነበር። ይህ ሁሉ በሰላም አላለፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በጃማይካ ኮራል ጋርደንስ በተባለ ቦታ ከተፈጠረ ግጭት በኋላ ራስታዎች በጅምላ እየተያዙ ታስረዋል፣ ተደብድበዋል፣ ፀጉራቸውም በግድ ተቆርጧል፤ የጃማይካ መንግሥት ለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። ከመቆረጡ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲያርፉ በአውሮፕላን ማረፊያው ከተቀበላቸው ሕዝብ መካከል ብዙዎቹ እነዚያው ራስታዎች ነበሩ። ቦብ ማርሊ ይህን ፀጉር ይዞ በዓለም መድረኮች ላይ ሲቆም ይዞት የቆመው ይህን ሁሉ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ራስታዎች ወደሰፈሩባት ሻሸመኔ የመጣውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

በእንግሊዝና በአሜሪካ የነበረው ታሪክ ሌላ መንገድ ይዟል። ቢትልስ የተባሉት አራት ወጣቶች የፀጉራቸውን ቅርጽ የያዙት በጀርመን ሐምቡርግ በየምሽት ቤቱ ሲጫወቱ ከተዋወቋቸው ወጣት የጥበብ ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1964 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከታቸው፤ በማግሥቱም አገሩ ከዘፈናቸው እኩል ስለ ፀጉራቸው አወራ። የዛሬ ሰው ያን ፎቶ ቢያይ ጆሮን በቅጡ እንኳ ያልሸፈነ ፀጉር ስለሆነ ይገረማል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቬትናም ጦርነት የሚላኩ ወጣቶች በካምፕ ውስጥ ፀጉራቸው እየተላጨ ስለነበር፣ ፀጉርን ማስረዘም ያለ ቃል «አልዘምትም» ማለት ሆነ። ከቢትልስ አንዱ የሆነው ጆን ሌነንና ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ እ.ኤ.አ. በ1969 አምስተርዳም በሚገኝ ሆቴል አልጋ ላይ ተቀምጠው ለሰላም ሲማጸኑ ከበላያቸው ከሰቀሏቸው ጽሑፎች አንዱ ፀጉርንና ሰላምን በአንድ ላይ የሚጠራ ነበር። መንግሥታትም ዝም አላሉም፤ በ1970ዎቹ የሲንጋፖር መንግሥት በየቢሮው በለጠፈው ማስታወቂያ ፀጉሩ ቅንድቡን የነካ፣ ጆሮውን የሸፈነ ወይም ከሸሚዙ ኮሌታ በታች የወረደ ወንድ በመጨረሻ እንደሚስተናገድ አስታውቆ ነበር። የሮክና የሄቪ ሜታል ልጆች ከዚያ በኋላ ፀጉራቸውን እስከ ወገብ ያደረሱት በተከፈተላቸው በር ገብተው ነው።

የአፍሮ ነገር ለእኛ ይቀርባል። በአሜሪካ ያሉ ጥቁሮች ፀጉራቸውን በኬሚካል ማለስለሱን ትተው እንደ ተፈጥሮው ሲያጎፍሩት፣ እጀታው የተጨበጠ ጡጫ የሆነ ረጅም ጥርስ ያለው ማበጠሪያ በየኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። ቅድመ አያቶቻችን ሚዶ በጎፈሬያቸው ላይ ሰክተው ይሄዱ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች የሚጫወቱ ልጆች አፍሮና ቤልቦተም ሱሪ የወጣትነት መለያቸው ነበር፤ ዓለማየሁ እሸቴም በመድረክ አቋሙና በፀጉር አያያዙ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» እስከ መባል ደርሷል። ደርግ ሲመጣ የሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ አፈነው፤ የባንዶቹም ዘመን በአጭሩ ተቀጨ።

ለጅማ ልጅ በተለይ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለዱት በዚህችው ጅማ ነው፤ ዓለም የሚያውቃቸውም በቫይብራፎናቸውና በቅንብራቸው እንጂ በፀጉራቸው አይደለም። ፀጉሩ ከልምምድ ሰዓታችሁ ላይ ከቀነሰ መልሳችሁ አስቡበት።

ዓይነቱን መምረጥና መጀመር

የሰው ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል። የእኛ ዓይነቱ የተጠቀለለ ፀጉር ግን ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ያደገውን ያህል አይታይም። ትከሻ ላይ የሚደርስ ድሬድ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ሦስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚጠቁር ልጆች አሉ፤ እነርሱን ጎፈሬ እንዲጀምሩ እመክራቸዋለሁ። ጎፈሬ በስድስት ወር ቅርጽ ይይዛል፣ ሐሳባቸውንም ቢለውጡ ያለ ጉዳት ይቆረጣል።

ጎፈሬ የሚያሳድግ ሰው ፀጉሩን ደረቅ ሆኖ ፈጽሞ ማበጠር የለበትም። በመጀመሪያ በእጅ ውኃ ርጩበት፤ ከዚያም ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ሚዶ ከጫፉ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ውረዱ። ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ የሚጎትት ሰው ፀጉሩን እየበጠሰ «አላድግ አለኝ» ይላል። ሌሊት የጥጥ ትራስ ከፀጉሩ ላይ ወዙን ስለሚመጥጠው በሳቲን ሻሽ አስሮ መተኛት ይጠቅማል። እናቶቻችን የሚቀቡት ለጋ ቅቤ ለጎፈሬ መልካም ነው፣ ሁለት ሰዓት አቆይቶ በሞቀ ውኃና በሻምፖ ማስለቀቅ እስካልተረሳ ድረስ። ለድሬድ ግን ቅቤን አልመክርም፤ በተቋጠረው ፀጉር ውስጥ ገብቶ ስለማይለቅ ይሻግታል።

ድሬድ ለመጀመር ፀጉሩ ቢያንስ ስድስት ወይም ሰባት ሴንቲሜትር መሆን አለበት። የእኛ ፀጉር ራሱ ስለሚያያዝ ብዙ ማስገደድ አያስፈልገውም። በየቀኑ ከሰው ራስ ላይ ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይረግፋል፤ ፀጉሩ ካልተበጠረ የረገፈው መውደቁን ትቶ ካልረገፈው ጋር ይጠላለፋል፤ ድሬድ ማለት ይኸው ነው። እኔ የምሠራው በዚህ መንገድ ነው። ፀጉሩን አጥቤ ሙሉ በሙሉ ካደረቅኩ በኋላ የራሱን ቆዳ በማበጠሪያ ጫፍ ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር ያህል በሆኑ አራት ማዕዘኖች እከፍላለሁ፤ እያንዳንዱን ክፍል ለሁለት ከፍዬ እስከ ጫፉ እገምደዋለሁ። ክፍሉ ከዚህ ካነሰ ዘለላው ሲረዝም ክብደቱን ሥሩ አይችለውም፤ ከዚህ በጣም ከበለጠ ደግሞ በጅማ አየር ውስጡ አይደርቅም። በኪሮሽ መርፌ እየሰበሰቡ ወዲያው ማጠንከርም ይቻላል፣ ሆኖም ያልሠለጠነ እጅ በመርፌው ፀጉሩን ስለሚበጥሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳችሁ አትሞክሩት።

በአካባቢያችን ማርና ሰም በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ልጆች ድሬዱ ቶሎ እንዲይዝላቸው ሰም ይቀባሉ። ይህን እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። ሰም በውኃ አይለቅም፤ አቧራውንና የሲጋራውን ጢስ፣ የሻሹን ክር ሁሉ ሰብስቦ በዘለላው ውስጥ ይዞ ይቀራል፤ ውኃ ከገባ በኋላም መውጫውን ይዘጋበታል። ለመጀመሪያው ወር የእሬት ዝልግልግ ፈሳሽ በሥሩ ላይ ጥቂት መቀባት ከበቂ በላይ ነው። ሥሩን በየአራትና በየስድስት ሳምንቱ ማስጠቅለል ይበቃል። በየሳምንቱ የሚያስጠቅልል ሰው በግንባሩና በጆሮው ዙሪያ ያለውን ፀጉር እየነቀለ ነው፤ ይህ ዓይነቱ መመለጥ ከቆየ አይመለስም።

ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ወር ያለው ጊዜ ከባድ ነው። ዘለላዎቹ ያብጣሉ፣ አንዳንዱ ይፈታል፣ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ መስታወት ፊት የሚቆም ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይደመድማል። አልተበላሸም። የሚያስፈልገው ታጥቦ በደረቀ ቁጥር ሥር ለሥር የተያያዙትን ዘለላዎች በጣት ቀስ አድርጎ ማለያየት ብቻ ነው።

ማጠብና ማድረቅ

ድሬድ አይታጠብም የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ብዙ ጭንቅላት ግን አበላሽቷል። ድሬድ ይታጠባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ መታጠብ አለበት፤ መድረክ ላይ ለሚያልብ ሰውማ ከዚህም ሊፈጥን ይችላል። ንጹሕ ፀጉር ከወዛም ፀጉር ይልቅ ቶሎ ይያያዛል።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ድሬዴ ከትከሻዬ አልፎ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ማታ ማታ ልምምድ ስለነበረን ከሥራ ወጥቼ እታጠብና እርጥቡን ፀጉር በወፍራም የሱፍ ኮፍያ ጠቅልዬ በዝናብ እወጣ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ጊታሩን ለመቃኘት ጎንበስ ስል አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ለብዙ ቀን ጓዳ ውስጥ ተጠቅልሎ የተረሳ እርጥብ ፎጣ የሚሸተው ዓይነት። ከአጠገቤ የነበረው ከበሮ መቺ ፊቱን ሲያዞር አየሁት፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ቤቴ ገብቼ ከማጅራቴ አካባቢ አንዱን ወፍራም ዘለላ በመቀስ ቆርጬ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውጭው ጥቁርና ጤነኛ ነበር፤ መካከሉ ግን አመድ የመሰለ፣ ሲነኩት የሚረግፍ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ሻግቶ ነበር። በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ዘለላዎች ቆርጫለሁ።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። በክረምት ማታ አልታጠብም። ጅማ ብዙ ጊዜ ዝናቡን የምታወርደው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰማዩን አይቼ ከጠራ ውኃ አሞቃለሁ። ሻምፖውን በጆግ ውኃ ውስጥ በጥብጬ የራሴ ቆዳ ላይ አፈሳለሁ፤ በጣቴ ጫፍ እንጂ በጥፍሬ አላሽም፤ አረፋው በዘለላዎቹ ላይ እየወረደ እንዲያጥባቸው እተወዋለሁ። ከዚያም የሚወርደው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሜ አለቀልቃለሁ፤ በድሬድ ውስጥ የቀረ ሳሙና ነጭ ፎረፎር መስሎ ይወጣል። ለስላሳ ፀጉር ላይ የሚቀባው ኮንዲሽነር ድሬዱን ስለሚፈታው አልጠቀምበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከማጠቡ ይበልጣል። አራት ወይም አምስት ዘለላ ባንድ ጊዜ ይዛችሁ ከሥር ወደ ጫፍ በእጃችሁ ጨምቁ፣ አትጠምዝዙ። ቀጥሎ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ጠቅልላችሁ እንደገና ጨምቁ፤ ፎጣ ክር ስለሚተው አይሆንም። ካናቴራው ከራሰ ሌላ ቀይሩ፤ እኔ ሦስት እጠቀማለሁ። ፀሐይ ካለች በረንዳ ላይ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ተቀመጡ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ከላይ ያለውን ዘለላ ወደ ታች፣ ከታች ያለውን ወደ ላይ ገልብጡት። የማጅራት ፀጉር የሚደርቀው በመጨረሻ ስለሆነ የምትፈትሹትም እሱን ነው። አንድ ዘለላ ከመካከሉ አጥፋችሁ በላይኛው ከንፈራችሁ ላይ ለጥፉት፤ ከንፈር ከጣት ይልቅ ቅዝቃዜን ያውቃል፤ ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

ፀሐይ ባልወጣችበት ሳምንት በከተማው ካሉት የሴቶች ውበት ሳሎኖች በአንዱ ካስክ መግባት ይቻላል። ወንድ ልጅ ካስክ ሥር መቀመጡ የሚያሳፍራቸው ልጆች አሉ፤ ሥራቸውን የሚያውቁ ባለሙያ እህቶች ግን በደስታ ያስተናግዷችኋል፣ ምናልባትም ስለ ፀጉራችሁ ከእኔ የበለጠ ይነግሯችኋል። ሙቀቱን መካከለኛ አድርጋችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ፤ መብራት የሚጠፋበት ቀን ከሆነ ማጠቡን ለነገ አስተላልፉት። በከሰል ምድጃ ወይም በማገዶ እሳት አጠገብ ማድረቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ጢሱ ይገባበታል፣ ጫፉም ይለበለባል።

ሥር ላይ ማሳከክ፣ ክብ ቅርፊት ወይም ፀጉር አልባ ነጥብ ካያችሁ ጭርት ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጭርት በማበጠሪያና በኮፍያ ይተላለፋል፤ ስለዚህ የባንድ ጓደኛሞች ብትሆኑም ኮፍያ አትዋዋሱ። ለደረቀ የራስ ቆዳ ጥቂት ጠብታ የጥቁር አዝሙድ ወይም የጉሎ ዘይት በጣት ጫፍ ሥር ሥሩን መቀባት ይበቃል፤ ዘይቱ ዘለላው ላይ የሚወርድ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው።

መድረክ፣ ቤትና ሥራ

በመድረክ ላይ ፀጉሩ ራሱን የቻለ እንቅስቃሴ አለው። የሮክ ልጆች ራሳቸውን እያወዛወዙ ከመታወቃቸው በፊት በኦሮሞ ጭፈራ ልጃገረዶች አንገታቸውን እየሰበቁ ፀጉራቸውን ወዲያና ወዲህ ሲወረውሩ እዚሁ አካባቢ በሠርግ ሁሉ አይተናል። እነርሱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ እንቅስቃሴው ከትከሻና ከወገብ ይጀምርና አንገት ላይ ያልቃል፣ ከአንገት ብቻ አይነሣም። ላብ የያዘ ረጅም ድሬድ ይከብዳል፤ ከአንገት ብቻ የሚወረውረው ሰው በማግሥቱ ዞሮ ማየት ያቅተዋል። ጊታር የምትጫወቱ ከሆነ የክሩን ትርፍ ጫፍ ከመቃኛው ሥር አስጠግታችሁ ቁረጡ፣ ማንጠልጠያውንም ከመልበሳችሁ በፊት ፀጉራችሁን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡ፤ አለዚያ በዘፈኑ መካከል ዘለላው ተይዞ ይቀራል። ከዝግጅት በኋላ የላቡ ጨው በሥሩ ላይ እንዳይደርቅ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ የራስ ቆዳችሁን ጥረጉ፣ ሙሉ ማጠቡን ለጠዋት አቆዩት።

ከቤተሰብ ጋር የሚኖረውን ንግግር ቀድማችሁ አዘጋጁት። እኔ ሳላዘጋጅ ቀርቼ እናቴን አስለቅሻታለሁ። ለአራት ወር ፀጉሬን ሳልነካ ለበዓል ቤት ስገባ ቡና እያፈላች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና ጀበናውን አስቀምጣ «ማን ሞቶብህ ነው ልጄ?» አለችኝ። በእርሷ ዓለም ወንድ ልጅ ፀጉሩንና ጺሙን የሚተወው ኀዘን ሲቀመጥ ነው። ፋሽን ነው ብላት አይገባትም ነበር፤ ስለ አርበኞቹና ስለ ናዝራዊው ስእለት ስነግራት ግን ዝም ብላ ሰማችኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜም «ንጹሕ ከሆነ ምን ገዶኝ» አለች። ወላጆቻችን የሚፈሩት የፀጉሩን ርዝመት ሳይሆን ልጃቸው ራሱን ጥሏል የሚለውን ነገር ነው። የተስተካከለ ጥፍር፣ የታጠበ ሸሚዝና መልካም ሽታ ግማሹን ክርክር ያስቀሩላችኋል። ድሬድ ያለው ሁሉ ሐሺሽ ያጨሳል የሚለውን ጥርጣሬም በኑሯችሁ አስተባብሉት፤ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነገር ከሙዚቃችሁ ጋር እንዲያያዝ አትፍቀዱ።

በእምነት ቦታም ሥርዓት አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ወንድ ራሱን ስለሚገልጥ የድሬድ ኮፍያችሁን በር ላይ አውልቁ፣ ፀጉሩንም ወደ ኋላ አስራችሁ በነጠላችሁ ሥር አድርጉት። ሽማግሌ ቄስ ከቆሮንቶስ መልእክት ጠቅሰው ቢገሥጿችሁ በአክብሮት ስሙ፤ የሶምሶንን ታሪክ እያነሣችሁ እዚያው አትከራከሩ። ሙስሊም ለሆኑ ልጆች፣ በከተማችን ብዙዎቹ ናቸውና፣ «ፀጉር ያለው ያክብረው» የሚለው ሐዲስ ጥሩ መመሪያ ነው፤ ለትጥበት ውኃው የፀጉሩ ሥር መድረስ ስላለበት ዘለላዎቹን ከሥራቸው አላልቶ መያዝና ሰም የመሰለ ነገር አለመቀባት ለእነርሱ እጥፍ ምክንያት አለው። ከዚህ ያለፈውን ጥያቄ ለሸኻችሁ አቅርቡ።

ስለ ሥራ እውነቱን ልንገራችሁ። አንድ ቦታ ለምሽት ሥራ አመልክቼ ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ «ተቆርጠህ ና» ተብያለሁ። አልተቆረጥኩም፣ ሥራውንም አላገኘሁም፤ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ቆይቻለሁ። ለእናንተ የምመክረው ግን እኔ ያደረግኩትን አይደለም። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሌላ ሰው ከሌላችሁ ፀጉሩን ከመጀመራችሁ በፊት የምትሠሩበትን ቦታ ደንብ ጠይቁ፤ ካልሆነም ወደ ኋላ ተጎትቶ ዝቅ ብሎ የሚታሰርና በአንገት ልብስ የሚሸፈን መካከለኛ ርዝመት ላይ አቁሙት። ሴቶች ልጆች ድሬድ ሲያሳድጉ የሚገጥማቸው ደግሞ የሠርግና የሽምግልና ጥያቄ ነው፤ እርሱን ያለፉት እህቶች ቢጽፉት ይሻላል።

መቁረጥ

የግንባር ጠርዝ እየሸሸ ከሄደ፣ ዘለላው ሥሩ ላይ ክር እስኪመስል ከቀጠነ ወይም ከልባችሁ ከጠገባችሁት፣ ቁረጡት። ዘለላውን ከራስ ቆዳ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ ብትቆርጡት የቀረው በውኃና በኮንዲሽነር ተፈትቶ አጭር ጎፈሬ ይወጣዋል፤ መላጨት ግዴታ አይደለም። ለፀጉር አስተካካዩ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ምክንያቱም ሳይጠየቅ ማሽኑን የሚያስነሣ አለ።

የተቆረጠውን መሬት ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ሳይ ቅር ይለኛል። መቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወታደሮች ከዐፄ ቴዎድሮስ አስከሬን ላይ የወሰዱት የፀጉር ዘለላ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም መጋቢት 2011 ዓ.ም. ላይ መልሶልናል፤ አገር ለፀጉር ዘለላ ይህን ያህል ክብር ትሰጣለች። የእናንተንም አጥባችሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አድርቃችሁ፣ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ አታድርጉት፣ በጅማ አየር ይሻግታል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትም ማታ ስትወጡ ኮፍያ ያዙ፤ ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረ ማጅራት ብርዱን አልለመደም።